አሮጌው ሞተርና የመንግሥት ማበረታቻ



ማለዳ በዘነበወርቅ የታክሲ መቆሚያ ተሳፋሪ የሚጭነው አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ጥቁር ጢስ ይተፋል። ጢሱ በሚገባ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ በዚህ ላይ የፒስተኑ ፋሻ ሲበላና የኢንጀክተሩ አፍ ሲያረጅ ብክነቱ ይብሳል። ባለንብረቱም ይህን አላጣውም። ታሪፉ የተወሰነ ስለ ሆነ የሚባክነው ሊትር ሁሉ ከቤተሰቡ ቀለብ ላይ ይቀነሳል፤ ነገር ግን መለወጫ አቅም የለውም።

መንግሥት በዚህ ረገድ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ሲጥል፣ ሞተራቸው ከ1,300 ሲ.ሲ. ለማይበልጥ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ግን የቀድሞውን 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ አወረደ። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ።

እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ የሚሠሩት በጉምሩክ በር ላይ ነው። የሚገባውን ይመርጣሉ እንጂ የገባውን አያስወጡም። እንዲያውም ምትኩ ሲወደድ አሮጌው እየተጠገነ ዕድሜው ይረዝማል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ማመላለሻ የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማም በሊትር የሚሰላ ስለ ነበር፣ ብዙ የሚጠጣው ሞተር ብዙ የሚደጎም ሆነ።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሌላ መንገድ ያሳያል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ጀርመን ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ መኪናውን አስወግዶ አዲስ ለገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ሰጠች፤ ሆኖም የነዳጅ ቁጠባን መስፈርት አላደረገችም። በዚያው ዓመት አሜሪካ እስከ 4,500 ዶላር ስትከፍል፣ አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ነዳጅ ቆጣቢ እንዲሆን አስገደደች፤ የተረከበችው ሞተርም ዳግመኛ እንዳይነሣ በሶዲየም ሲሊኬት ውሁድ እንዲደርቅ አደረገች።

ስለዚህ ማበረታቻው ከጉምሩክ በር አልፎ እስከ ባለንብረቱ ደጃፍ መድረስ ይኖርበታል። አሮጌውን ያስረከበ ሁሉ የተረከበው ዋጋ ለአዲሱ ቅድመ ክፍያ ሆኖ ሊታሰብለት ይገባል። የመሐንዲሱም ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም የነዳጅ ፍጆታን በከተማዋ መንገድ ላይ መለካት፣ የሞተሩን መወገድ መርምሮ ማረጋገጥ፣ ብረቱም ወደ ማቅለጫ እንዲደርስ መከታተል ነው። አለዚያ ሚኒባሱ ከዘነበወርቅ ወጥቶ በሌላ ከተማ ቢሰማራ፣ ጢሱ ሰፈር ለወጠ እንጂ አልጠፋም።