የተዘጋ የቆሻሻ መጣያና የገበሬው ጉድጓድ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በድሬዳዋ የቀረበ ንግግር



ቆሻሻ ለበዓል የሚመች ርእስ አይደለም። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬም አትክልቱን የሚያጠጣው፣ ከብቱን የሚያረካው በአብዛኛው ከዚያው ነው። ስለዚህ ከተማው የጣለው ነገር የት እንደሚደርስ መጠየቅ የገበሬውም ጉዳይ ይሆናል።

የአካባቢው አቀማመጥ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። በደቡብ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱና በሌሎቹ አሸዋማ ወንዞች ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርዳል፤ ከፊሉም በመንገዱ ላይ ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ የላይኛው ውኃ ጉልበት በግልጽ ታይቷል። ከታች የሚሄደውን ግን ማንም አያየውም። ስንጥቅ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ውኃን ቶሎ እንደሚያሳልፍ ሁሉ በካይ ነገርንም ሳያጣራ ያሳልፋል።

አንድ የቆሻሻ መጣያ ተዘግቶ አፈር ስለለበሰ ሥራውን አያቆምም። ውስጡ አየር ስለሌለ የተቀበረው ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት እየበሰበሰ ሁለት ነገሮችን ያወጣል፦ ጋዝና ጥቁር ፈሳሽ።

ጋዙ በአብዛኛው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድና በጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። በአፈር ውስጥ ሁለቱ ኦክስጅንን ስለሚያስወጡት የተተከለው ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይደርቃል። በተዘጋ መጣያ ላይ የተተከለ ዛፍ ውኃ እየጠጣ ሲደርቅ ካያችሁ ምስጥ ብቻ አትጠርጥሩ።

ጋዝ ወደ ጎንም ይሄዳል። ዝናብ የላይኛውን አፈር ሲደፍነው ወይም የአየር ግፊት በድንገት ሲቀንስ መውጫ ፍለጋ በድንጋይ ስንጥቅ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በእንግሊዝ አገር ሎስኮ በተባለች መንደር ከአሮጌ መጣያ የመጣ ጋዝ አንድ መኖሪያ ቤት አፈንድቶ ሦስት ሰዎችን ክፉኛ አቁስሏል። መጣያው ቆሻሻ መቀበል ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር።

ስለዚህ ክትትሉ በመጣያው ላይ ብቻ ሳይሆን በዳርቻው መደረግ አለበት። በተቆፈረ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተበሳሳ ቱቦ ይገባል፣ ዙሪያው በጠጠር ይሞላል፣ አናቱ በሸክላ አፈር ይደፈናል። ከዚያ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ሚቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ይለካሉ። በአሜሪካ ደንብ በመጣያው ወሰን ላይ ሚቴን 5 በመቶ፣ በግቢው ባለ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ 1.25 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መነሳት አለበት። ሰው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ኩራዝ ወይም ሻማ አውርዶ መሞከር የተለመደ ነው። እሳቱ ከጠፋ አየር የለም ማለት ነውና ብልሃቱ ከንቱ አይደለም። በቆሻሻ መጣያ አጠገብ ግን ይኸው ብልሃት ራሱ ፍንዳታ ያስነሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ መለኪያ መሣሪያ ጉድጓድ ውስጥ አለመግባት ብቻ ነው መፍትሔው።

ወደ ውኃው እንመለስ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቢያንስ ሦስት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶችን ያዛል፤ አንድ ውኃው ወደ መጣያው ከሚመጣበት ከላይ፣ ሁለት ከሚወጣበት ከታች። የላይኛው ጉድጓድ ለምን እንደሚያስፈልግ የድሬዳዋ ሁኔታ ጥሩ ማስረጃ ነው። በከተማው ጉድጓዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ የሆነባቸውን አግኝተዋል፤ ዋናው ተጠርጣሪም የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ነው። እንግዲህ ከመጣያ በታች ናይትሬት ቢገኝ የማን ጥፋት ነው? ከላይ ያለው ውኃ ካልተለካ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። በአንድ ናይትሬት ብቻ መፍረድም አይቻልም። ክሎራይድ ከአፈር ጋር ስለማይጣበቅ ከውኃው ጋር እኩል ይጓዛል፤ አሞኒያ፣ ብረትና ማንጋኒዝ አብረው ከጨመሩ ጥርጣሬው ወደ መጣያው ያደላል። እርሳስና ካድሚየምም መመርመር አለባቸው። ናይትሬት የበዛበትን ውኃ ማፍላት አያጠራውም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። በተለይ በጡጦ ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ላምና ፍየልንም ይጎዳል።

ገበሬ ሳይጠየቅ የሚሠራ መጣያ ምን እንደሚያስከትል አዲስ አበባ አይታለች። የሰንዳፋው መጣያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ የአካባቢው ገበሬዎች ውኃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው በመቃወማቸው ተቋረጠ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ገበሬዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቅሬታቸው በአፍ የቀረውም ሁሉም የሚያምነው የውኃ ልኬት በእጃቸው ስላልነበረ ይመስላል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የመጣያ ባለቤት በሥራ ላይም ሆነ ከተዘጋ በኋላ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን አስፍሮ ነበር። ጉዳት ግን በማስረጃ ይረጋገጣል። ማስረጃው ደግሞ ከጉዳቱ በፊት የተወሰደ ናሙና ነው።

ስለሆነም አሮጌ መጣያ አጠገብ የመስኖ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያስብ ማኅበር ከቁፋሮው በፊት ውኃው የሚፈስበትን አቅጣጫ ያስጠና፣ የመጀመሪያውን ልኬት በማኅበሩ መዝገብ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ያስመርምር። ናሙና ሲወሰድ በጉድጓዱ ውስጥ የተኛው ውኃ አስቀድሞ ተቀድቶ ይፈሳል፤ ትኩሱ ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ቀኑና የጉድጓዱ ስም ተጽፎበት፣ በበረዶ ሳጥን ውስጥ በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የድሬዳዋ ፀሐይ ውስጥ በመኪና ላይ የዋለ ጠርሙስ ውጤቱን ያዛባዋል። የአስተዳደሩ ኃላፊዎችም ውጤቱ በቢሮ ፋይል ውስጥ እንዳይቀር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ በየቀበሌው እንዲለጠፍ ቢያደርጉ ወጪው ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም።