የአሜሪካ ሣራማ ሜዳ ከብት አርቢዎችና የመንግሥት ድጋፍ፦ ለሞዴል አርሶና አርብቶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሩቅ አገር ከብት አርቢ ነው። አገሩ ቢርቅም ጭንቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ይቀራል፣ ሣር ይመናመናል፣ ከብት ይከሳል፣ የሚሸጥ ሲበዛም ዋጋ ይወድቃል። የአሜሪካ ሰፊ ሣራማ ሜዳ ምዕራባዊ ክፍል ዝናብ አጠር ነው፤ አብዛኛው መሬት ከእርሻ ይልቅ ለግጦሽ ይመቻል።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ በደቡብ ዳኮታ ምዕራብ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል ወረደ። ከብቱ ገና በበጋ ግጦሽ ላይ ነበር፤ የክረምት ፀጉር አላወጣም። መጀመሪያ ዝናብ አራሰው፣ ከዚያ በረዶ ጣለበት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከብት አለቀ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ለሞተ ከብት ካሣ የሚከፍለው ፕሮግራም ጊዜው አልፎበት ነበር፤ የፌዴራል መንግሥት ቢሮዎችም በበጀት ውዝግብ ተዘግተው ነበር። አርቢው ማመልከቻ የሚያስገባበት ቦታ አጣ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ ሬሳው ሳይቀበር ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ የጆሮ ቁጥሩን መዝግቡ፣ የእንስሳት ሐኪም ወይም ሌላ ገለልተኛ ሰው ያረጋግጥላችሁ። ጥር 30 ቀን አዲሱ የግብርና ሕግ ጸደቀ፤ ፕሮግራሙን ቋሚ አደረገው፣ ያለፈውንም ጉዳት እንዲሸፍን ፈቀደ። ካሣው ከገበያ ዋጋው 75 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም በዓመት ከተለመደው ሞት በላይ ለሞተው ብቻ ነው። ስለዚህ ከአደጋው በፊት ስንት ከብት እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ከፎቶው እኩል ያስፈልጋል።

ለድርቅ ሌላ ፕሮግራም አለ። የድርቅ ካርታ በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል፤ በካርታው ላይ ካውንቲው፣ ማለትም እንደኛ ወረዳ ያለው አካባቢ፣ በግጦሽ ወቅት ከባድ ድርቅ ውስጥ ከገባ አርቢው ለመኖ ድጋፍ ያመለክታል። ክፍያው ከወር የመኖ ወጪ ከ60 በመቶ አይበልጥም፤ ድርቁ ሲበረታ የሚከፈልባቸው ወራት ይጨምራሉ። ማንም ግጦሹን እየዞረ አይለካም። ይህ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን በካርታው ድንበር ማዶ ያለ ጎረቤት ሣሩ እኩል ደርቆ ሳይከፈለው ሊቀር ይችላል።

የውኃ መስመር ለመዘርጋት፣ ማጠጫ ገንዳ ለመሥራትና ግጦሹን በአጥር ከፍሎ በፈረቃ ለማስጋጥም የወጪ መጋራት ድጋፍ አለ። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚለቀቀው ሥራው በውሉ መሠረት ተጠናቆ ሲታይ ነው። የዝናብ መድንም አለ፤ ከአረቦኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መንግሥት ይሸፍናል፣ ቀሪውን አርቢው ራሱ ይከፍላል። በእኛም አገር በቦረና የግጦሹን ልምላሜ ከሳተላይት እያየ የሚከፍል የእንስሳት መድን በ2012 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል።

በእኔ አስተያየት ለእናንተ ከሁሉ የሚጠቅመው በድርቁ ድጋፍ ውስጥ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። አርቢው ባለፉት ሁለት ዓመታት በድርቅ ምክንያት ለሸጠው ከብት እንኳ የመደበኛውን ክፍያ 80 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ ድጋፉ እንዳይቀርበት ብሎ የከሳ ከብት በደረቀ ሜዳ ላይ ይዞ አይቆይም፤ ሥጋው ሳይረግፍ ያወጣዋል፣ የሽያጩን ደረሰኝም ያስቀምጣል።