ስለ «ፊው» እና ስለ «ኤ ፊው»

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርላት የተነሣሁት ነገር እጅግ ትንሽ ናት፤ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ይሁን እንጂ የምንማረውም ፈተና የምንጽፈውም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ይህች ፊደል ያለ ቦታዋ ስትገባ ወይም ስትቀር ነጥብ ከማስቀነስ አልፋ ሐሳባችንን ትገለብጠዋለች።

እንግሊዞች የሚቈጠረው ነገር ሲያንስ «ፊው»፣ የማይቈጠረው ማለት ውሃው፣ ጊዜው፣ ተስፋው ሲያንስ ደግሞ «ሊትል» ይላሉ። ይህን ሁላችን እናውቀዋለንና አልቈይበትም። ችግሩ የሚመጣው ከፊታቸው «ኤ» ስትቆም ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው «ፊው»ንም «ኤ ፊው»ንም «ጥቂት» እንላቸዋለን፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን ልዩነታቸው የቍጥር ይመስለናል፤ «ኤ ፊው» አምስት ቢሆን «ፊው» ሦስት ነው እንደ ማለት። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ ስብሰባ አምስት ሰዎች ቢመጡ፣ በ«ፊው»ም ቢጠሩ በ«ኤ ፊው» ያው አምስት ናቸው። የሚለየው የተናጋሪው ፍርድ ነው። «ኤ ፊው» የሚል ሰው የመጡትን ይቈጥራል፤ «ፊው» የሚል ሰው የቀሩትን ያስባል።

ለዚህም ማስረጃ አለ። እንግሊዛዊው «ፊው ፒፕል ኬም» ካለ በኋላ «ዲድ ዘይ» ብሎ ይጠይቃል፤ ይኸውም አፍራሽ ዐረፍተ ነገር ሲናገር እንደሚያደርገው ነው። «ኤ ፊው ፒፕል ኬም» ካለ ግን የሚያስከትለው «ዲድንት ዘይ» ነው። እንግዲህ «ፊው» በሆዱ «አይደለም» የሚል ቃል የያዘ ነው።

አማርኛ ይህን ልዩነት አያውቅም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ያውቀዋል፤ የሚገልጸው ግን በቃሉ አቀማመጥ ነው። «ጥቂት ሰዎች መጡ» ስንል «ኤ ፊው» ማለታችን ነው። «የመጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው» ስንል ግን ቅሬታ አለበት፤ «ፊው» ነው። «ከጥቂቶች በቀር የመጣ የለም» ስንልማ አፍራሹ ወደ ገሃድ ወጣ። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከመጻፋችን በፊት በልባችን ያለው ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ብንጠይቅ «ኤ» ትግባ ወይም ትቅር ለማለት አንቸገርም።

የሕክምና ተማሪ ስለ በሽተኛው «ዜር ኢዝ ሊትል ሆፕ» ብሎ ቢጽፍ ተስፋው ተሟጥጧል ማለቱ ነው፤ «ኤ ሊትል ሆፕ» ቢል ግን መዝገቡን የሚረከበው ሐኪም ገና የሚሞከር ነገር እንዳለ ይረዳል። የሕግ ተማሪም ምስክሮቹን «ፊው» ብሎ ከጠራቸው በገዛ ብዕሩ አቃለላቸው።

«ኦንሊ ኤ ፊው» ሲባል እንደ ገና ወደ ማነስ ይመለሳል። «ኳይት ኤ ፊው» ግን ብዙ ማለት ነው! ይህንን እንደ እንግሊዞች ቀልድ ቈጥረን በቃላችን ከመያዝ በቀር መድኃኒት የለውም።

መምህሮቻችን ቀይ ቀለማቸውን በብዛት የሚያፈሱት በ«ለስ» እና በ«ፊወር» ላይ ነው። ለሚቈጠረው «ፊወር» ይሻላል የሚለው አስተያየት በ1770 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቤከር እንደ ምርጫው የጻፈው ነው፤ ከዚያ በፊት «ለስ» ለሚቈጠረውም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር ኖሯል። በፈተና ደንቡን እንጠብቅ፤ ነገር ግን ተማሪ «ለስ ቡክስ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የታሰበውን አያጣውም፤ «ኤ»ን የረሳ ተማሪ ግን ያላሰበውን ተናግሯል። እንግዲህ መምህሮቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን ከዚያ ቀይ ቀለም ከፊሉን ለዚህች ፊደል ያቈዩልን።