አንሸጥላችሁም የተባለው ራዳር



ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ነው። ዛሬ ግን የማወራላችሁ በእጄ ነክቼው ስለማላውቅ አውሮፕላን ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ራሷ ነድፋ ስለሠራችው ኬኤፍ-21 ስለሚባለው ተዋጊ ጄት። ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ወላጆች «በምረቃ ቀን የጦር መሣሪያ ወሬ ምን ይሠራል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ተዋጊ ጄት የሚሠራው ለመግደል ነው፤ ጦርነት ምን እንደሆነም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ተዋጊ ጄት ትሥራ ልላችሁ አልመጣሁም። ይህን ታሪክ የመረጥኩት የሰው ልጅ ከሚሠራቸው ከባድ ነገሮች አንዱ ስለሆነና አንድ አገር ከባድ ነገር ለመሥራት የምትበቃው በምን እንደሆነ ፍንትው አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

በመጀመሪያ የችግሩን ክብደት እንየው። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ አውሮፕላኑን ነክቶ ሲመለስ ይቀበለዋል። ከራዳር መሰወር ማለት እንግዲህ ወደ ላኪው የሚመለሰውን ሞገድ ማሳነስ ነው። ቀመሩን የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ራዳሩ የሚያይበት ርቀት የሚቀንሰው በአራተኛ ሥር ነው። በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚታይ አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ እንዳይታይ ከተፈለገ የሚመልሰው ሞገድ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ መውረድ አለበት። 20 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ እንዳይታይ ከተፈለገ ደግሞ ወደ አንድ አሥር ሺኛ! ግማሹን ሥራ የሠራ ሰው ምንም እንዳልሠራ የሚቆጠርበት ሙያ ነው።

የአውሮፕላኑ ትልቁ ቅርጽ ከተስተካከለ በኋላ የሚያጋልጡት ጥቃቅኖቹ ናቸው። በሁለት የገላ ሽፋኖች መካከል የቀረች ስንጥቅ፣ ከሽፋኑ ከፍ ያለች የብሎን ራስ፣ በወጉ ያልገጠመ የማረፊያ ጎማ ማስገቢያ በር፣ በአየር ማስገቢያው በኩል ፊት ለፊት የሚታይ የሞተር ምላጭ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው የአብራሪው ወንበር ሳይቀር ሞገድ ይመልሳል። እኛ ጥገና ላይ ያለን ሰዎች አንዲት ብሎን ከሽፋኑ ጋር እኩል ካልተቀመጠች አየሩን ትረብሻለች ብለን እናስተካክላታለን። በእንዲህ ዓይነቱ አውሮፕላን ላይ ግን ያቺው ብሎን አውሮፕላኑን ከሩቅ አሳልፋ ትሰጣለች። ስለዚህ የንድፍ ሰሌዳው ላይ ያለው ሊቅና ብሎኑን የሚያጠብቀው ቴክኒሻን እኩል ኃላፊነት አለባቸው። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ኮሪያ ልውሰዳችሁ። ለኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከ1951 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ተፈራርቀው የተዋጉባት፣ ብዙዎችም የወደቁባት ምድር ናት። ያኔ አውሮፕላን መሥራት ቀርቶ ከተሞቿ የፍርስራሽ ክምር ነበሩ። በ2001 ፕሬዚዳንት ኪም ዴ ጁንግ አገራችን የራሷን ተዋጊ ጄት ትሠራለች ብለው አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ግን የተከተለው ሥራ ሳይሆን ጥናት ነበር። አንዱ ጥናት አያዋጣም ሲል ሌላው ያዋጣል እያለ፣ የልማቱ ውል እስኪፈረም 2015 መጨረሻ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ነው ትልቁ ፈተና የመጣው። ኮሪያ ኤፍ-35 የተባለውን ጄት ከአሜሪካ ስትገዛ በምላሹ 25 ቴክኖሎጂዎች እንዲተላለፉላት ጠይቃ ነበር። አሜሪካ አራቱን ከለከለች። አራቱ ደግሞ የጄቱ ዓይንና ጆሮ ናቸው፤ አንቴናው ሳይዞር ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ የሚያዞረው ራዳር፣ በሙቀት ጨረር ዒላማ የሚፈልገው መሣሪያ፣ ዒላማ መከታተያው ካሜራና የጠላትን ራዳር የሚያውከው መሣሪያ። ነገሩ አገር ውስጥ ትልቅ ቁጣ አስነሣ። ፕሮጀክቱ አበቃለት ያሉም ነበሩ።

ከአራቱ የመጀመሪያውን፣ ራዳሩን፣ እንውሰድ፤ ፊቱ አንድ ትልቅ አንቴና አይደለም። ወደ 1000 የሚጠጉ፣ እያንዳንዳቸው ሞገድ የሚልኩና የሚቀበሉ ትንንሽ ክፍሎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። ጨረሩ ወደ ተፈለገበት አቅጣጫ የሚዞረው ሁሉም በጊዜ ሲናበቡ ነው፤ ደግሞ ሁሉም ይሞቃሉ፤ ሙቀቱ ካልተወገደ ይበላሻሉ። ያም ሆኖ በነሐሴ 2020 የመከላከያ ልማት ኤጀንሲያቸውና ሃንዋ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ናሙና ራዳር ይፋ አደረጉ። በሚያዝያ 2021 ጄቱ ሳቾን ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቶ ለሕዝብ ታየ። ሐምሌ 19 ቀን 2022 በረረ፤ በጥር 2023 ከድምፅ ፍጥነት አለፈ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ተከለከሉ፤ እልህ ያዛቸው፤ በአምስት ዓመት ሠሩት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እልህ ራዳር አይሠራም። የመከላከያ ልማት ኤጀንሲው የተቋቋመው በ1970 ነው። የራዳሩ ምርምርም ክልከላው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ተጀምሮ ነበር፤ ያኔ ማንም ያላጨበጨበላቸው ሰዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነው እነዚያን ትንንሽ ክፍሎች ሲሠሩና ሲያቃጥሉ ነበር። ክልከላው ሲመጣ ሥራ ላይ አገኛቸው።

ጄቱም እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹ ኤፍ-5፣ በ1990ዎቹ ኤፍ-16 በፈቃድ ገጣጠሙ። በ1991 ኬቲ-1 የተባለውን የራሳቸውን ባለ ፕሮፔለር ማሠልጠኛ አበረሩ። በ2002 ከአሜሪካው ሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ጋር የሠሩት ቲ-50 ጄት ማሠልጠኛ በረረ፤ ከእሱ ቀላል ተዋጊ አወጡ። በ1999 ሦስት የአውሮፕላን ኩባንያዎቻቸውን አንድ ላይ ሲያዋህዱ ባለሙያው እንዳይበተን አንድ ቤት ሰጡት። ከአንዱ ፕሮጀክት እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ውስጥ የክንፍ ንዝረት የሚያሰላው ሰው ሻጭ ወይም ነጋዴ ሳይሆን ያንኑ ሲያሰላ ቆየ። ሁለተኛውን አውሮፕላን ሲነድፍ የመጀመሪያው ስህተት በእጁ ነበር።

የሚተዉትንም ማወቃቸው ይገርመኛል። ኬኤፍ-21 ሙሉ በሙሉ የተሰወረ ጄት አይደለም። ቅርጹ ሞገድ እንዲያሳንስ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሚሳይሎቹ ግን ሆዱ ሥር ግማሽ ገብተው፣ ክንፉም ሥር ተንጠልጥለው ነው የሚታዩት። ውስጥ የሚደበቁበትን ክፍል ለቀጣዩ ትውልድ አቆዩት። ሞተሩ አሁንም የአሜሪካ ንድፍ ነው፤ እነሱ በፈቃድ ያመርቱታል። ሙሉ ስውር እንዲሆን ታስቦ በተሠራውና በየካቲት 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው የቱርክ ካን ጄት ላይም የተገጠሙት ሁለት የአሜሪካ ሞተሮች ናቸው። የጄት ሞተር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምላጮቹ የተሠሩበት ብረት ሊቀልጥበት ከሚችለው በላይ በሞቀ ጋዝ ውስጥ እየተሽከረከሩ ለሺዎች ሰዓታት መቆየት አለባቸው። ሁሉንም ዛሬውኑ ካልሠራን ብለው ቢነሡ ኖሮ አንዱንም ባልሠሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ቤታችን ልናገር። በ1935 አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። በረረችም። በዓመቱ ጣሊያን ወሰዳት፤ በ2024 ነው ለአገራችን የተመለሰችው። አውሮፕላኗ ተመለሰች፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ጎኗን የገጠሙት፣ እንጨቱን የላጉት፣ ሸራውን የወጠሩት ሰዎች ቀጣዩን አውሮፕላን አልሠሩም። የተማሩት ከነሱ ጋር ቀረ። ወራሪው ከዘረፈን ነገር ሁሉ እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ከፀሐይ በኋላ ሊመጣ ይችል የነበረው ሁለተኛው።

ሳይቋረጥ የቀጠለው ደግሞ ምን እንደሚሆን ቦሌ ሄዳችሁ እዩ። አየር መንገዳችን በ1945 ሲቋቋም አብራሪውም መካኒኩም ኃላፊውም አሜሪካዊ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾሙት በ1971 ነው። በመካከሉ ያለው ሩብ ምዕተ ዓመት መፍቻ እያቀበሉ የተማሩ፣ ከዚያ ራሳቸው የፈቱ፣ ከዚያም ያስተማሩ ሰዎች ዕድሜ ነው። እኔም የነሱ ተማሪዎች ተማሪ ነኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችሁን ትናንት አይቻቸዋለሁ። አንዱ ቡድን ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ሠርቷል፤ ክንፉ ሁለት ጊዜ እንደተሰበረ፣ በሦስተኛው ከፋይበር የተሠራው እንደያዘ ነገሩኝ። የት ቦታ ላይ፣ በስንት ኪሎ ጭነት ተሰበረ ስላቸው አንደኛው ልጅ ሳይጽፈው በቃሉ ነገረኝ። ልጁ ዛሬ ይመረቃል፤ ነገ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ያንኑ ክንፍ እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይሰብራል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ለእናንተ የምለው ይህ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ርዕስ አትስጡ። አንዱን አውሮፕላን ለአሥር ዓመት ስጡ፤ አንዱ ቡድን ካቆመበት ሌላው ይቀጥል፤ የተሰበረው ክንፍም አይጣል፤ ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጥ። ተመራቂዎች፣ እናንተም ዛሬ ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ፈልጓቸው፤ ከኋላ ቆመዋል፣ ከዚህ ይታዩኛል። ማስታወሻ ደብተሮቻችሁን ስጧቸው፤ ስልካችሁንም ስጧቸው፤ ሲደውሉም አንሡላቸው።