ይቅር የሚለው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሃርጌሳ ኢትዮጵያውያን፣ የተከበራችሁ የኮድቡር ጎረቤቶቻችን፤

ስናጠፋ በአማርኛ የምንለው «ይቅርታ» መነሻው የአጥፊው አይደለም። «ቀረ» ከሚለው ግስ «ይቅር» ይወጣል፤ ይተው፣ አይታሰብ እንደ ማለት ነው። ከ«ይሁን» «ይሁንታ»፣ ከ«ይሉኝ» «ይሉኝታ» እንደ ወጡ ሁሉ፣ ከ«ይቅር» «ይቅርታ» ወጣ። አጥፊው ሲለምን ግን «ይቅር በለኝ» ነው የሚለው። ልብ በሉ፤ «ይቅር» ማለት የተበዳዩ ሥልጣን ነው፤ አጥፊው ያ ቃል ከተበዳዩ አፍ እንዲወጣለት ይማጸናል።

አገር ቤት ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር የሚወድቅ ሰው ጉዳዩን በራሱ አፍ አይዘጋም። ሽማግሌዎች ቆመው ይለምኑለታል። ተበዳዩ እንቢ ሊል ይችላል፤ ልቡ ሲራራ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ዛሬ መንገድ ላይ ትከሻችንን የገፋን ሰው «ይቅርታ» ብሎ ያልፋል። ለትከሻ ይበቃል። የሰው ደመወዝ ለበላ፣ የሰው ስም ላጠፋ ግን እንዴት ይበቃዋል?

ጎረቤቶቻችን በሶማሊኛ ይቅርታ ሲጠይቁ «ራሊ አሆው» ይላሉ። «ራሊ» የመጣው ከዓረብኛው «ራዲ» ነው፤ የረካ፣ የወደደ ማለት ነው። የዓረብኛው ከባድ «ድ» ሶማሊኛ ሲገባ «ል» የሆነበት ሌላም ቃል አለ፤ «ቃዲ» እዚህ «ቃሊ» ነው። እንግዲህ «ራሊ አሆው» ሲሉ ተበዳዩን «ልብህ ይርካ» ማለታቸው ነው። ልብ ደግሞ በቃል ብቻ ስለማይረካ፣ ሄር በሚባለው ልማዳዊ ሕግ ለተዋረደ ሰው «ሓል» የሚባል ካሣ ይሰጣል።

ይህች ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. በሶማሊያው ፕሬዝዳንት በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ነዋሪዋ ወደ እኛ ምድር፣ ወደ ሐርተሼክ ሸሽቷል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች በ1991 ቡርኦ ላይ፣ በ1993 ደግሞ ቦራማ ላይ ለእርቅ ተቀመጡ። የቦራማው ጉባኤ ወራት ፈጀ። ያን ያህል ደም ፈስሶ ልብ በአንድ ቀን እንዲረካ የሚጠብቅ የለምና፣ መርዘሙን እንደ ጥንካሬ አየዋለሁ።

ከእናንተ መካከል በገበያም በሽምግልናም ሁለቱን ቋንቋዎች የምታስተረጉሙ አላችሁ። የምለምናችሁ ይህን ነው፦ አንዱ «ራሊ አሆው» ብሎ ሌላው ዝም ካለ፣ ዝምታውን «ይቅር ብሏል» ብላችሁ አታስተርጉሙ። ጠይቁት።