እኩል ነው ወይ?



አዘጋጆቹ «ከማስተማር ዘመንዎ አንድ ነገር ያጫውቱን» ሲሉኝ፣ ስለ ሁለት የእኩል ምልክት ላውራ አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ዕዳ አለብኝ።

ማትላብ በምናስተምርበት ላብ አንዲት ተማሪ ቀላል ፕሮግራም ጻፈች። ጊዜው ከዜሮ ይነሳል፤ በየዙሩ 0.1 ይጨመርበታል፤ ሉፑ የሚቀጥለው «~= 1»፣ ማለትም ከ1 ጋር እኩል እስካልሆነ ድረስ ነው። ፕሮግራሙ አልቆም አለ። ጠራችኝና «መምህር፣ ይዩት፤ አሥረኛው ዙር ላይ 1.0000 ይላል እኮ። ለምን አይቆምም?» አለችኝ። ቸኩዬ ስለነበር «ሉፕ አልገባሽም፤ እንደገና ጻፊው» ብያት አለፍኩ። ማርክም ቀነስኩባት።

መልሱ እኮ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር። ቁጥሩ በትክክል አንድ ቢሆን ኖሮ ማትላብ «1» ብሎ ነበር የሚጽፈው። ከነዜሮዎቹ «1.0000» ሲል ተጠግቷል እንጂ አልደረሰም ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ዘንድ 0.1 አሥር ጊዜ ሲደመር የሚገኘው 0.9999999999999999 ነው። ቀጣዩ ዙር 1.1 አካባቢ ይሆናል፤ አንድን ዘሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል። አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ ሲጻፍ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለትዮሽ አያልቅም፤ ማሽኑ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለበት። አቆራረጡም በዘፈቀደ ሳይሆን በ1985 በወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 ደረጃ መሠረት ነው። == ደግሞ «ቅርብ ነው» የሚባል ነገር አያውቅም፤ እስከ መጨረሻዋ ቢት ካልገጠመ ሐሰት ይላል።

ይህ የገባኝ በሚቀጥለው ሴሚስተር የራሴው ፕሮግራም አልቆም ሲለኝ ነው።

«ልዩነቱ ከኢፕስ ማነሱን እንፈትሻለን» የምትሉ አላችሁ። እሺ፤ ግን ኢፕስ፣ ወደ 2.2 × 10⁻¹⁶ የሚጠጋው፣ ከ1 እስከ ቀጣዩ ቁጥር ያለው ርቀት ነው። አንድ ሚሊዮን አካባቢ ክፍተቱ 1.2 × 10⁻¹⁰ ገደማ ይደርሳል። እዚያ በኢፕስ ማወዳደር ከ== በምንም አይለይም፤ የሚፈቀደው ልዩነት ከምትለኩት ነገር መጠን ጋር ማደግ አለበት። ለዚያች ተማሪ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም ነበር። ዙሩን በሙሉ ቁጥር ቆጥራ ለ10 ብታካፍል ይበቃት ነበር። ይህን መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

(በነገራችን ላይ ፈተና ላልተቀመጠ ተማሪ ናን የምትሞሉ መምህራን፣ ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። በ== ብትፈልጉት አንድም ተማሪ አታገኙም፤ ኢዝናን የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ።)

ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ነገሩ ከገባኝ በኋላ ማርኩን ማስተካከል እችል ነበር፤ የሚጠበቅብኝ አንድ ቅጽ መሙላት ብቻ ነበር። «ትንሽ ነጥብ ናት» ብዬ ተውኩት። ያቺ ትንሽ ነጥብ ከቢ ወደ ሲ እንዳወረደቻት የሰማሁት ዛሬ ጠዋት፣ ሻይ ላይ፣ ከራሷ አፍ ነው። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ሉፕ ገብቶሽ ነበር። ያልገባኝ እኔን ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።