ዓይን ያለው ሥር፦ የዳሊያ አያያዝ በክረምት ማግሥት



ዛሬ የማቀርበው ርእስ ትንሽ ይመስላል፤ የአንድ አበባ ወቅት ሲያበቃ ምን ይደረግለት የሚል ነው። ያነሣሁት ለቡ ባለው ጓሮዬ ከደረሰብኝ ኪሳራ ተነሥቼ ነው። እናቴ ለረጅም ዘመን የተንከባከበችውን ቀይ ዳሊያ ትታልኝ ነበር። እኔም የአውሮፓ መጻሕፍት እንዳዘዙት፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በጥቅምት ቆፍሬ አወጣሁት። ያበጡትንም ሥሮች አንድ በአንድ ቆርጬ ለዘመድ አዝማድ አከፋፈልሁ። ክረምት ሲገባ አንዱም አልበቀለም።

ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ዳሊያን እንደ ድንች ማየቴ ነው። ድንች ያበጠ ግንድ በመሆኑ በየጎኑ ዓይን አለው፤ ቆርጠን ብንተክለው ይበቅላል። ዳሊያ ግን የሚያከማቸው በሥሩ ነው፤ ቡቃያውም የሚወጣው ሥሩ ከአሮጌው ግንድ ጋር ከሚገጥምበት አንገት ብቻ ነው። አንገቱ የቀረበት ሥር ስንቅ ቢሞላም አይበቅልም።

ሁለተኛው፣ መጻሕፍቱ ለየትኛው አገር እንደተጻፉ አለመጠየቄ ነው። በዚያ ዳሊያን የሚያስቸኩለው ውርጭና የሚቀዘቅዘው አፈር ነው። ተክሉ ራሱ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1791 ማድሪድ ውስጥ፣ ለስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ለአንድሪያስ ዳል መታሰቢያ ነው። በትውልድ ቦታው በዝናብ ወራት ያድጋል፣ በደረቁ ወራት ሥሩ ያርፋል። ይህ ለእኛ ክረምትና በጋ የቀረበ ነው። ከመስከረም ማብቂያ በኋላ ቀኑ ከ12 ሰዓት እያነሰ ሲሄድ ሥሩ ይበልጥ ያብጣል፤ ስለዚህ አረንጓዴ ቅጠሉን በጥቅምት መቁረጥ ስንቁን መቀማት ነው።

በእኛ ሰፈር የሚያሰጋው ከብርዱ ይልቅ ውኃው ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ ያረፈ ሥርም በእርጥበት ይበሰብሳል። እንግዲህ ውኃውን ቀስ በቀስ እንቀንስ፤ ቅጠሉ በራሱ እስኪደርቅ እንታገሥ፤ ከዚያም ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተን እንቁረጥ። ውኃ በሚያሳልፍ ከፍ ያለ መደብ ላይ ያለው እዚያው ይረፍ። ዋልካ ላይ ያለውን ግን ዘለላውን ሳንነጣጥል አውጥተን፣ በጥላ አናፍሰን፣ በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ እናስቀምጥ። ክፍፍሉ ይቆይ፤ በሚያዝያ ዓይኖቹ ማበጥ ሲጀምሩ፣ ለእያንዳንዱ ሥር አንገትና ቢያንስ አንድ ዓይን እየተውን እንቁረጥ።

እናቴ ይህን ሁሉ በቃል አላስተማረችኝም። ሆኖም ለአንዲት ጎረቤታችን ቀድሞ የሰጠቻቸው ዳሊያ ዛሬም ያብባል፤ ከነአንገቱ ነበር የሰጠቻቸው። ባለፈው ሚያዝያ ከእርሳቸው አንድ ቁራጭ ለምኜ ተከልሁ። ዘንድሮ ቀይ አበባ አውጥቷል፤ እኔም ቅጠሉ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።